አረንጓዴው ጨርቅና የኾሩ ዛፎች

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ ረፋድ

መደብ ሦስት። ተንበርክኬ ቡቃያ እቆጥራለሁ። ጉልበቴ ጭቃ፣ አንገቴ ላብ፣ እጄ በእሾህ ተቧጥጧል። ግን ስማኝ፣ ደብተሬ! ሃሻቡ በቅሏል! ሙጫ የሚሰጠው ግራር ነው፤ እዚህ ሃሻብ ይሉታል። ባለፈው ግንቦት ለቆጠራ መደቡን ስንለካ መሬቱ የተላጨ ራስ ነበር። አሁን እግር ማሳረፊያ የለም። ሃሻብ፣ ላሎ፣ ስሙን የማላውቀው ሐረግ። እየቆጠርኩ ሳቄ ያመልጠኛል። ሰው ብቻውን ጫካ ውስጥ ሲስቅ ያየ ምን ይላል? ይበል።

ከሰዓት

አዲስ ነህና (አሮጌው ደብተር ትናንት አለቀ፤ አንተ ባለ ጽጌረዳ ሽፋን ተተካህ) ነገሩን ባጭሩ ልንገርህ። ያለሁት ከገዳሪፍ ወደ ደቡብ፣ ወደ ድንበሩ ነው። ሰሊጥ፣ ሰሊጥ፣ ዓይን እስኪደክም ሰሊጥ። በመሐሉ ኾሩ ያልፋል። በክረምት ሞልቶ የሚጮህ፣ በበጋ ኩሬ ብቻ የሚቀርለት ወንዝ ነው። ዳርና ዳሩን ይዞ አንድ የዛፍ መቀነት ተርፏል። የእርሻው ባለቤት ሐጅ ባቢከር መቀነቱን አስመንጥረው ለመጪው ክረምት ሰሊጥ ሊዘሩበት አመልክተዋል። የእርሻ ኮሚቴው በዚሁ ወር መጥቶ አይቶ ይወስናል። ዛፉ ምን እንደሚጠቅም በማስረጃ ካላሳየን ትራክተሩ ይገባል።

“እኛ” ማለት አለቃዬ ዶ/ር ሃሽምና እኔ ፅጌ፣ የኡም ጋርጉር ስደተኛ ሰፈር ልጅ ነን። ዶ/ሩ ገዳሪፍ ቢሮ፣ እኔ ጭቃው ውስጥ። ኮንትራቴ ከአጨዳው ጋር ያልቃል።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ማለዳ

ዶ/ር ሃ. ደወሉ። ኮሚቴው ከቆጠራው ሌላ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይፈልጋል፦ ስለዚህ ቦታ ገና የማናውቀው፣ ለውሳኔ ግን ማወቅ ያለብን ምንድን ነው? ረቂቁን አንቺ ጻፊው አሉኝ። እኔ! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ድንኳኔን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ዶ/ሩ ሁሌም የሚሉት አለ። ሚዳቋ ለብቻ፣ ወፍ ለብቻ፣ ዛፍ ለብቻ እየቆጠሩ ማዘን ምንም አላተረፈም። ውሃውን፣ አፈሩን፣ ንቡን፣ ግመሉን፣ አጫጁን፣ ባለ ትራክተሩን አንድ ላይ ካላዩ አንዱም አይድንም። ሐጅ ባቢከርም የሀገሩ አካል ናቸው፤ እንደ ዝናቡ ቁጠሪያቸው ይሉኛል።

እናም ጻፍኩ። መቀነቱ ምን ያህል ቢሰፋ ነው ኩሬውን በደለል ከመሞላት የሚያድነው? ከዛፉ አጠገብ ያለው ሰሊጥ ፍሬው በዛ ያለ ይመስለኛል። ከንቡ ነው? ከአፈሩ እርጥበት? ወይስ ዓይኔ የፈለገውን አየ? ባለ ግመሎቹ የሚያልፉት በየትኛው ወር ነው? ግሪሳ ወፍ እዚህ ያድራል ይሉናል፤ እውነት ነው ወይስ ዛፍ ለመቁረጥ ሰበብ? ኾሩ የሚመጣው ከመተማ በኩል ነው። እዚያ ማዶ ቢመነጠር እዚህ ምን ይሆናል? ውሃው ድንበር ላይ ቆሞ ወረቀት አያሳይ!

ብዕሬ አልቆም አለ። አንድ ገጽ ነበር የተባልኩት። ጉድ ፈላ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ አመሻሽ

አለቀ! መደቦቹ በሙሉ! ሁሉም ለምልመዋል። አንድም አዲስ ጉቶ አላየሁም። ለማገዶ ይቆረጣል፣ ለዳስ ይቆረጣል፣ ከብት ይግጠዋል ስንል የከረምነው ሁሉ ከንቱ! መቀነቱ ሰው እየተጠቀመበትም ራሱን ይተካል። ለኮሚቴው ይህን ነው የማሳየው። ንግግሬን ለድንኳኑ ምሰሶ ተለማመድኩለት። ምሰሶው በጥሞና ሰማኝ።

ኡም ጋርጉር ባየችኝ! አላውቅም፣ ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ላም አለኝ በሰማይ።

እንዴት እንዳወቅሁት ለማንም አልነግርም፤ ለአንተ ግን እነግርሃለሁ። ለሽንት ከመደቡ ወጣ አልኩ። ሰው እንዳያየኝ ራቅ፣ ራቅ አልኩ። ጉቶ። ሌላ ጉቶ። የተጎተተ ቅርንጫፍ፣ ፍየል የጨረሰው ቡቃያ። ከመደቦቹ ውጭ ያለው ሁሉ ተጨፍጭፏል። የለማው እኔ የምቆጥርበት ብቻ ነው። ከሁሉም ቦታ መርጠው የእኔን ያልነኩት ለምንድን ነው?

ወደ መደብ አንድ ተመለስኩ። ማዕዘኑ ላይ ካለው ትልቁ የላሎ ዛፍ ሥር ማጭድ፣ ምሳር፣ ጀሪካን፣ የጆንያ ጥቅል ተከምሯል። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ሰሊጡን የሚያጭዱት ጎንደሬዎች አይሠሩም፤ ዕቃቸው ነው። ጠባቂ የለውም። ከዛፉ ላይ ግንቦት ያሰርኩት አረንጓዴ ጨርቅ ይውለበለባል። ከጎኑ ደግሞ እኔ ያላሰርኩት ሌላ አረንጓዴ ጨርቅ።

ሄጄ አያ ሙላትን ጠየቅሁ። የአጫጆቹ አለቃ ነው፣ የአርማጭሆ ሰው፣ ከመተማ ተሻግሮ በየዓመቱ ይመጣል። ማጭድ ሜዳ ላይ መጣል ምን ይባላል አልኩት። ሳቀብኝ። “ኧረ አንች፣ ከሼኹ ሥር የተቀመጠ ዕቃ ማን ደፍሮ ያነሳል? በሰሊጡ ስንገባ ባለ ግመሎቹ ናቸው የነገሩን። ሃይማኖታችን ባይሆንም ባለቤት ያለው ዛፍ አንቆርጥም። ማገዶውን ከወዲያ ነው የምናመጣ።”

ሼኹ! የትኛው ሼኽ? እኔ ነኛ ሼኹ!

ከካርቱም የመጣውን የፕላስቲክ ምልክት ፍየል በላው፤ እኔ ብልጧ ሾዋክ ገበያ ሄጄ አረንጓዴ ጨርቅ ገዛሁ። በግንቦት ቅጠል የለም፣ አረንጓዴ ከሩቅ ይታያል ብዬ። በሱዳን ተወልጄ፣ የወልይ፣ የቅዱስ ሼኽ መቃብር ላይ አረንጓዴ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ሰው እርፉንና እህሉን ከሥሩ በአደራ ሲያስቀምጥ እያየሁ አድጌ! ለአያ ሙላት ትንፍሽ አላልኩም። መደቦቼ የለሙት ሰው ፈርቶ ስላልነካቸው ነው፤ ማስረጃዬ ተበላሽቷል። እራቴን አልበላሁም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ዶ/ር ሃ. መጡ። አንገቴን ደፍቼ አሳየኋቸው። ላሎውን አዩ፣ ጨርቁን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ያ ቢንቲ እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ሳቁ ሲበርድ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ ይህን መሬት አጥረን ለአንድ ክረምት ከሰውና ከከብት ለማሳረፍ ብንጠይቅ ማን ይፈቅድልን ነበር? ማንም። አጥሩን ማን ይሠራልን ነበር? ማንም። ይኸው ያለ አጥር ታጠረልን።

አየህ? አየህ ወይ! እግዜር ሳይደግስ አይጣላም! ሰው እየተጠቀመበት ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ማስረጃዬ ሞቷል። ለአንድ ክረምት ቢተውስ ለሚለው ግን እጄ ውስጥ ነው! መደቦቹ ያረፈው ናቸው፤ ከውጭ ያለው ያላረፈው። አሁኑኑ ከውጭ እኩል መደቦች ለክተን መቁጠር ነው። ተነሳን። ዶ/ሩ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ገመድ ይዘውልኛል። በመንገድ የሚያልፉ ባለ ግመሎች ሰላም ሲሉን ዶ/ሩ እንደገና ሳቃቸው መጣ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ ኡም ጋርጉር

ቆጠራው አልቆ ለሁለት ቀን ወደ እማ መጣሁ። ልዩነቱ ያለ ቁጥርም ይታያል፤ በቁጥር ደግሞ ያስጮሃል።

እማ አጨዳው ሲያልቅ ጠቅልለሽ ነይ ትላለች። የሰፈሩ ት/ቤት አስተማሪ ይፈልጋል አሉ። ሴት ልጅ ድንኳን ውስጥ፣ ከአጫጅ ጋር፣ ይህ ምን ወግ ነው ትላለች።

ከደጃችን ቆሜ ዙሪያውን አየሁ። እማ ስትመጣ እዚህ ጫካ እንደነበር ትናገራለች። በእንጨቱ አብስለን ነው ያደግነው። እኔ ያወቅሁት ግን ገላጣውን ብቻ ነው። እንጨት ለቀማ ስንሄድ ጠዋት ወጥተን ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ገና አንድ እቅፍ አንሞላም ነበር። ማንንም አልወቅስም። ኾሩ እንዲህ ሲሆን ግን ቆሜ አላይም። አላይም!

ጥቅምት 17፣ ሰኞ፣ ሾዋክ፣ አውቶቡስ እየጠበቅሁ

ሰይጣን ገበያ መሐል አገኘኝ። ያው የጨርቅ ሱቅ። ያው አረንጓዴ። አንድ ሙሉ ጥቅል ገዛሁ።

አትቆጣኝ። እስቲ አስብ፦ መቀነቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ባስረውስ? አጥር የለም፣ ዘበኛ የለም፣ ስብሰባ የለም። ኮሚቴው ሲመጣ ሐጅ ባቢከር ራሳቸው ትራክተሩን ይመልሱታል። ሌላው ኾር ላይም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ላይም! ጥቅሉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እስቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ለሠርግ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ቀን እንዲህ ይዞራል።

ሐጅ ባቢከር በግ አስጭነው መጡ። ስለ ሼኹ ሰምተዋል። ከላሎው ሥር ለከራማ አረዱት፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና የሚታረድ ነው። ባለ ግመሎቹም ተጠሩ። አያ ሙላትና ሰዎቹ የእስላም ሥጋ ስለማይበሉ ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ሐጅ ቴምርና ሻይ ላኩላቸው። እኔም እነሱ ዘንድ ተቀመጥኩ። ቴምሬን ከጎኔ ለተቀመጠው ሰጠሁት።

ከዚያ ሐጅ ጠሩኝ። እዚህ የምትውለው እሷ ናት፣ እሷ ታውቃለች ብለው በሁሉ ፊት የሼኹን ስም ጠየቁኝ። ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ዶ/ር ሃ. መሬት መሬት ያያሉ። እኔ አላውቅም ሐጅ አልኩ። አላህ ያውቃል አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሼኹ ያረፉበትን መሬት አላርስም አሉ። እንግዲህ ያሸነፍኩ መሰለኝ፤ ደስታው ግን አልመጣም።

ሰው ሲበተን ዶ/ሩ አላዘዙኝም፣ አልተቆጡኝም። ሪፖርቱ ላይ ወልይ አልጽፍም፣ በእምነቴም አልደፍረውም አሉ። ቀጥለው ያሉት ነው የቆረቆረኝ፦ ይህ ኾር ለሼኽ ተብሎ ቢተርፍ፣ ሼኽ የሌለው ኾር ሁሉ ይታረሳል። እኛ የምናጠናው ለዚያኛው ጭምር አይደለም ወይ?

ጥቅሉ ከአልጋዬ ሥር ነው። አላየሁትም ለማለት ፊቴን አዞርኩ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

መጀመሪያ ለአጫጆቹ እነግራለሁ። ነገ እሑድ ነው፣ ሁሉም ይቀመጣሉ። ኮሚቴው ሰኞ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት። እነሱ ከሌላ ሰው መስማት የለባቸውም። ወሰንኩ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ነገርኳቸው። ቆሜ፣ ጨርቁን ይዤ። ሼኽ የለም፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ለቆጠራ ምልክት ነው፣ ያላወቅሁት ነገር ሆኖ ነው፣ ካወቅሁም በኋላ ዝም ብያለሁ አልኩ። ከዚያ አንዱ ፈነዳ፤ መሬት እየመታ ሳቀ። አያ ሙላት ግን አልሳቀም።

“እና ይህን ሁሉ ቀን መሣሪያችንን በማን ላይ ጥለን ነበር፣ በአንች ላይ?” አለኝ።

ተነሡና ከላሎው ሥር ማጭዱን፣ ምሳሩን፣ ጀሪካኑን ሰበሰቡ። ወደ ዳሳቸው ወሰዱት። ዛፉ ሥር የቀረው የተጨፈለቀ ሣር ብቻ ነው። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ምሳሩ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ለአጨዳው የሚበቃ ማገዶ እዚያው ቆሞላቸዋል። አለቀስኩ። ሐቁን ይዤ እቀጥላለሁ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ኮሚቴው መጣ። ነጭ ጀላቢያ፣ አቧራማ ጫማ፣ ብዙ ሳል። ሁሉንም ተናገርኩ፤ የጨርቁን ነገር ከቁጥሩ በፊት። ሐጅ ባቢከር ፊታቸው ጠቆረ። በጌ አሉ! ከዚያ ለራሳቸው ነገር አጉረመረሙ፤ ለአላህ የታረደ አይባክንም፣ ማሌሽ፣ ግድ የለም አሉ። አላዩኝም ግን።

ከዚያ መራኋቸው። ከመደቡ ውጭ ጉቶው፣ ከውስጥ ቡቃያው። እጄን ዘርግቼ አንድ እግሬ እዚህ፣ አንድ እግሬ እዚያ። ኩሬውን አሳየሁ፤ ዛፍ ባለበት በኩል ውሃው ጠለቅ ያለ፣ በተራቆተው በኩል ደለል የሞላው። ሰሊጡን አሳየሁ፤ ይመስለኛል እንጂ አላረጋገጥኩም አልኩ። ደብተሬ፣ ብታየኝ! አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የሃሻብ ቡቃያ ዳሰሱ፤ አባቴ ሙጫ ይለቅም ነበር አሉ።

ሰብሳቢው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ ሼኽ እንደሌለ ዛሬ ሁሉም ሰምቷል። ነገ ማን ይተወዋል? አላውቅም አልኩ። ትናንት ማታ ከገጼ አናት ላይ የጨመርኩት መስመር ይኸው ነው አልኩ፦ ሰው ሳይፈራ፣ አውቆ፣ ይተወው ይሆን? ይህን ያጠና የለም።

ተማክረው ወሰኑ፦ መደቦቹ ያሉበት የላይኛው መቀነት እስከ ቀጣዩ ክረምት ማብቂያ ይቆይ። የታችኛው ጫፍ ለሐጅ እርሻ ይሁን። ጨርቁ ይፈታ። አንድ ሰው እዚሁ እየኖረ ይቁጠር፤ ከተጨፈጨፈ መሬቱ ለእርሻ።

የታችኛው ጫፍ አሳዘነኝ። ላይኛው ግን አለ! ዶ/ሩ ኮንትራቱን ማራዘም እችላለሁ፣ ማንንም አላስገድድም፣ ለማሰብ አንድ ቀን ውሰጂ አሉኝ። እማ በስልክ፦ መቼ ነው የምትመጪው?

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ፣ ማለዳ

ጨርቁን ልፈታ ማልጄ ወጣሁ። በመንገዴ ሁሉ አልፈራም ብዬ እፈራለሁ። የምሳር ድምፅ ካለ ብዬ ጆሮዬን አቆማለሁ።

ከላሎው ሥር ማጭድ። ምሳር። ጀሪካን። የጆንያ ጥቅል። ሁሉም እንደ ድሮው!

አያ ሙላት ከኋላዬ መጣ፣ ማጭዱን መረጠ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ። ምነው አያ፣ ሼኽ የለም አልኩህ እኮ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

“እሑድ ዳስ ውስጥ አሳደርነ፤ በነጋታው ማጭድ ጠፋ፣ ስንጣላ ዋልነ። እዚህ ግን የሰረቀም የለ። ትላንት ማታ ተመካክረን መለስነው። ዛፉም ይቁም፤ ተቆርጦ ዕቃችንን ምን ሥር ልናስቀምጥ ነው? ለባለ ግመሎቹም ነግሬያቸዋለሁ፣ እነሱም ዕቃ አላቸው።”

ኻላስ፣ በቃ አለና ወደ ሰሊጡ ሄደ። ሦስት እርምጃ ሄዶ ዞረና ሼኻ ፅጌ ብሎ ጠራኝ። አጫጆቹ በሙሉ ሳቁ። እኔም።

ረፋድ

ጨርቁን በሙሉ ፈታሁ። ባለ ግመሎቹ ሳያስሩት የማይቀረውን ሌላውንም፤ እሱን ግን አጥፌ ለባለ ግመሎቹ አስቀመጥኩላቸው። ሾዋክ የገዛሁትን ጥቅል ለእማ እልከዋለሁ፣ ቀሚስ ታሰፋበት። አብሮት ወሬዬ ይሄዳል፣ ትቆጣለች፣ ከዚያ ትለብሰዋለች።

ለዶ/ሩ ደወልኩ። እቀራለሁ አልኳቸው። እስከ ክረምቱ ማብቂያ። ድንኳኔን ወደ ላሎው አጠገብ አዛውራለሁ። መደብ አንድን እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ፤ አሁን ማንም የሚፈራው ነገር የለም፣ ቆጠራው ገና አሁን እውነተኛ ሆነ። አያ ሙላት ይጣራል፤ ጀሪካኑን ይዤለት እንድሄድ ነው መሰለኝ፣ እኔ ደግሞ እግረ መንገዴን ሽማግሌው የዳሰሷትን ያቺን የትናንቷን ሃሻብ ቡቃያ አንድ ብዬ እቆጥራታለሁ።